የካርድ ክፍል መደርደሪያ፦ እንጨት ወይስ ብረት ከማለት በፊት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ የታካሚ ካርድ አለን። መደርደሪያችን የችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ጣውላ) ነው። አንዱ እርከን 120 ሳንቲ ይረዝማል። መሃሉ ወደ ታች ጎብጧል፤ ሁለቱ እርከኖች ደግሞ ከነካርዳቸው ወርደዋል። አሁን አዲስ እንዲሠራ በጀት ተፈቅዷል። ኃላፊያችን ወፍራም እንጨት ይሁን ይላሉ። ግዢ ክፍል ደግሞ ገበያ ላይ ያለ የብረት ሼልፍ ይገዛ ባይ ነው። ክፍሉም ወደ አንደኛ ፎቅ ሊዛወር ይችላል ተብሏል። የቱ ይሻለናል?»

እህታችን፣ እንጨትም ይሆናል፣ ብረትም ይሆናል። ሁለቱም በልኩ ከተሠሩ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። በግምት ከተሠሩ ግን ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ይጎብጣሉ። የእናንተን መደርደሪያ የጣለው ችፑድ መሆኑ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋተኛ 120 ሳንቲው ነው። ስለዚህ እንጨት ወይስ ብረት የሚለውን ክርክር ለጊዜው አቆዩትና መጀመሪያ ክብደቱን እንወቅ።

ካርድ ሲያዩት ቀላል ነው። አንዱን በሁለት ጣት ያነሱታል። ሲደረደር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ማንም ሰው ቢሮው ውስጥ ባለው ነገር ማረጋገጥ ይችላል። የተለመደው ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ነው። 500 ቅጠል ያለው አንድ ደስታ ወረቀት 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ውፍረቱም 5 ሳንቲ ገደማ ነው። ሃያ ደስታ ጎን ለጎን ቢያቆሙ አንድ ሜትር ይሞላል። ክብደቱ 50 ኪሎ ይሆናል።

ካርዶቻችሁ መካከል አየር አለ፣ እውነት ነው። ልል ሲሆኑ ከዚህ ይቀላሉ። ግን ወፍራም ሽፋን አላቸው፣ የላብራቶሪ ወረቀት ይሰካባቸዋል፣ በክረምት እርጥበት ይጠጣሉ። ደግሞ የካርድ ክፍል ነገር የታወቀ ነው። ቦታ ሲጠብ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ በሜትር 50 ኪሎ ብለው ያስቡ። አንድ ሜትር ካርድ ማለት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ለበያጁም ሆነ ለአናጢው ሲያዙ በዚህ ቋንቋ ይንገሩት፤ ወዲያው ይገባዋል። «የወረቀት መደርደሪያ ሥራልኝ» ካሉት ቀላል ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው።

እንግዲህ የእናንተ 120 ሳንቲ እርከን 60 ኪሎ ያህል ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። 18 ሚሊ ውፍረት፣ 30 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ችፑድ ያንን ሲሸከም መሃሉ ወደ 4 ሳንቲ ገደማ ይወርዳል። ያውም ገና በመጀመሪያው ቀን። ችፑድ ጭነት ላዩ ላይ እስካለ ድረስ ቀስ እያለ መውረዱን አያቆምም። ወራት ሲያልፉ ጉብጠቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጭነቱን ቢያነሱለትም ተመልሶ አይቃናም።

አሁን ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ የመልሴ ፍሬ እዚህ ጋ ነው። በሜትር ያለው ክብደት እኩል ሆኖ የእርከኑን ርዝመት በግማሽ ቢያሳጥሩት ጉብጠቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው። አሥራ ስድስት ጊዜ ነው የሚቀንሰው። 120 ሳንቲ ላይ 4 ሳንቲ የጎበጠው ያው ችፑድ 60 ሳንቲ ላይ ከ3 ሚሊ አያልፍም። ርዝመቱን ከ120 ወደ 90 ብቻ ቢያወርዱት እንኳ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ በየመሃሉ የሚገባ ተጨማሪ ቋሚ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ኃላፊዎ «ወፍራም ይሁን» ማለታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ውፍረትም ብዙ ይረዳል። ከ18 ሚሊ ወደ 25 ሚሊ ብትሄዱ ጥንካሬው ሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ግን ወፍራም እንጨት ገዝቶ 120 ላይ መዘርጋት ብሩን አውጥቶ ችግሩን ማቆየት ነው። መጀመሪያ ያሳጥሩ፤ ከዚያ ያወፍሩ። እኔ ለካርድ ከ90 ሳንቲ በላይ የሆነ እርከን አልሠራም። ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) የግድ ከሆነ ደግሞ ከ60 አላሳልፍም።

ሁለቱ እርከኖች ከነካርዳቸው ወረዱ ያሉት ሌላ ታሪክ ነው። ፎቶ ባላይም ምክንያቱን መገመት አያቅተኝም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እርከኑ የተቀመጠው በትንንሽ ፒኖች ላይ ነው። ጎኑ ላይ በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ አራት ፒን ይገባና ጣውላው ላዩ ላይ ያርፋል። 60 ኪሎ ለአራት ፒን ሲካፈል ለአንዱ 15 ኪሎ ይደርሰዋል። ፒኑ አይሰበርም። የሚሰበረው ቀዳዳው ነው። የወረደውን እርከን ቦታ ጠጋ ብለው ይዩት። ክብ የነበረው ቀዳዳ ወደ ታች ሞላላ ሆኗል። ጠርዙን በጥፍርዎ ቢነኩት እንደ ሰጋቱራ ይራገፋል። ጣውላው ሲጎብጥ ደግሞ ጫፉ ያጥርና ከፒኑ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ እንዲወድቅ አንድ ረድፍ ካርድ ስቦ ማውጣት ይበቃዋል።

ስለዚህ ፒን ለካርድ አይሆንም። ከፍና ዝቅ የሚደረግ እርከንም አያስፈልጋችሁም። የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ጥሩ ነገር ነው፤ የመጽሐፍ ቁመት ይለያያላ። የእናንተ ካርድ ግን ሁሉም አንድ ልክ ነው። ቋሚ እርከን ይሠራ። እንጨት ከሆነ ከሥሩ ሙሉ ጥልቀቱን የሚሸፍን ደጋፊ እንጨት በኮላና በብሎን ይያዝ። ብረት ከሆነ ቋሚዎቹን ከፊት ወደ ኋላ የሚያገናኝ አንጎላሬ፣ ማለትም የኤል ቅርጽ ያለው ብረት፣ ይበየድና እርከኑ እሱ ላይ ይረፍ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። የእኔን ሐሳብ በግልጽ ልንገርዎ፦ ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የማስመርጠው በትእዛዝ የሚሠራ የብረት መደርደሪያ ነው። ምክንያቴ ጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ በ90 ሳንቲ ላይ 25 ሚሊ የደረቀ ጣውላም ፊቱ ጠርዝ ሥር ሞራሌ (አራት ማዕዘን ዘንግ እንጨት) ከገባለት አይበገርም። የሚያሳስበኝ ምስጥና እርጥበት ነው። ምስጥ እንጨት ውስጥ ገብቶ ሲበላ ከውጭ ምንም አይታይም። የሚታወቀው ካርዱ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ነው። ብረት ምስጥን አያባርርም፤ ካርዱም ያው ወረቀት ነው። ግን ምስጡ ወደ ላይ የሚወጣበትን የአፈር መስመር ብረት ላይ በዓይን ያዩታል፤ ገና ሲጀምር ይጠርጉታል። ለዚህም ሲባል እግሩ ክፍት ይሁን፤ ከሥር በላሜራ አይታሸግ።

አካባቢያችሁ ምስጥ የማያውቀው ደጋ ከሆነና የደረቀ ጥሩ ጣውላ ካገኛችሁ እንጨቱም ያስኬዳል፤ ኃላፊዎን በዚህ አልቃወማቸውም። «የደረቀ» የሚለው ላይ ግን ድርድር የለም። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ጭነት ሳይኖረውም በራሱ ጊዜ ይጣመማል።

ግዢ ክፍል የሚለው ገበያ ላይ ያለው የብረት ሼልፍስ? ጥሩም አለ፣ ለጫማ ሳጥን የተሠራም አለ። ከሩቅ አይለዩም፤ ሁለቱም ግራጫ ቀለም ተቀብተዋል። ልዩነቱ የላሜራው ውፍረት ነው። ስስ የሆነውን መሃሉን በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት እንደ ጣሳ ጧ ይልና ይገባል። ሻጩ «መቶ ኪሎ ይችላል» ካለዎት ሦስት ነገር ይጠይቁት። መቶ ኪሎው ለአንድ እርከን ነው ወይስ ለጠቅላላው? በእርከኑ ላይ እኩል ተዘርግቶ ነው ወይ? ርዝመቱ ስንት ሲሆን ነው? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠ ቁጥሩን እንዳልሰሙት ይቁጠሩት።

በትእዛዝ ሲያሠሩ ደግሞ የሥራ ዝርዝሩ ላይ እነዚህ ልኮች ይግቡ። ርዝመት 90 ሳንቲ። ጥልቀት 35 ሳንቲ፤ ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ስለሆነ ሽፋኑ ተጨምሮበት በረጅም ጎኑ ሲተኛ ከ32 እስከ 33 ሳንቲ ይይዛል። በእርከንና በእርከን መካከል 30 ሳንቲ። የመጀመሪያው እርከን ከወለሉ 15 ሳንቲ ከፍ ይበል፤ ወለሉ ሲታጠብ ውሃ እንዳይነካው። በዚህ ልክ ስድስት እርከን ሲሠራ ጠቅላላ ቁመቱ 195 ሳንቲ ይሆናል። የመጨረሻው እርከን ወለል 165 ሳንቲ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለ ዱካ ይደርስበታል። ሰባተኛ እርከን እንጨምር የሚል ሰው አይጠፋም። አይስሙት። ጠዋት ታካሚ ተሰልፎ ሳለ ዱካ ላይ እየወጡ እየወረዱ ካርድ መፈለግ ሠራተኛውን ያደክማል፤ አንድ ቀንም ያወድቃል።

እርከኑ 1 ሚሊ ላሜራ ይሁን። ፊትና ኋላው 3 ሳንቲ ያህል ወደ ታች ይታጠፍ፤ የታጠፈው ጫፍ እንደገና ወደ ውስጥ ይጠቅለል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ይህ እጥፋት ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ምን ቢወፍር ወገብ የለውም። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ለእጅዎ ነው። በቀን መቶ ጊዜ እጅ የሚገባበት ቦታ ላይ ያልተጠቀለለ ላሜራ ቢላ ነው። የካርድ ክፍል ሰው ጣቶች ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ናሙናው ሲመጣ መዳፍዎን ከሥር ጠርዙ ላይ ቀስ አድርገው ያስኪዱት። የሚቧጥጥ ነገር ካለ ይመልሱት።

ቋሚው 40 በ40 በ3 ሚሊ አንጎላሬ ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። 40 በ40 ቱቦላሬም (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይሆናል፤ ግድግዳው ከ1.5 ሚሊ እንዳይሳሳ። የጎን ፍሬሞቹ ተበይደው ይምጡ፤ እርከኖቹ ግን በብሎን ይታሰሩ። እንዲህ ሲሆን በማንኛውም በር ይገባል፤ ክፍል ሲቀየርም ተፈትቶ ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ልትዛወሩ ትችላላችሁ። በያጁ ሁሉንም ልበይደው ካለ፣ ለእሱ ስለሚፈጥነው ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። መደርደሪያ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚወድቀው፤ ወደ ጎንም ይተኛል። አራት ማዕዘን ፍሬም በብሎን ብቻ ሲያዝ ቀስ እያለ ያዘማል። ከኋላው ጠፍጣፋ ብረት በኤክስ ቅርጽ ከጥግ እስከ ጥግ ይታሰር። በየማዕዘኑ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ቢጨመር ደግሞ ጥሩ ነው። ናሙናውን ባዶውን ሳለ ከላይ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት። ከተወዛወዘ ኤክሱ የለም፤ ወይም ላልቷል። ካርድ ከተጫነ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

ከእግሮቹ ሥር 10 በ10 ሳንቲ የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ይበየድ። ስድስት እርከን በ45 ኪሎ 270 ኪሎ ነው፤ የብረቱ ክብደት ሲጨመር ወደ 300 ይጠጋል። አንዱ እግር 75 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 3 ሚሊ የአንጎላሬ ጠርዝ ላይ ያረፈ 75 ኪሎ የፕላስቲክ ንጣፍን ይበሳል፣ ሴራሚክን ይሰነጥቃል።

ከግድግዳ ጋር ስለማሰር ደግሞ ይህን ይወቁ። የአብዛኛው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ሲገባ ግማሹ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ በደጋፊ የሚሰቀል የካርድ መደርደሪያ እንዳያስቡ። ክብደቱን ሁሉ ወለሉ ይሸከም። የግድግዳው ሥራ መደርደሪያው ወደ ፊት እንዳይደፋ መያዝ ብቻ ነው። ቁመቱ ከጥልቀቱ አራት እጥፍ ያለፈ ማንኛውም መደርደሪያ መታሰር አለበት። የእናንተ 195 ለ35 ነው፤ ከአምስት እጥፍ በላይ። ማሰሪያው ከተቻለ የኮንክሪት ምሰሶው (ኮለን) ወይም አግዳሚው (ቢም) ላይ ይመታ። መሃል ክፍል ላይ ጀርባ ለጀርባ የሚቆሙትን እርስ በርስ በብሎን እሰሯቸው። ከዚያ የሁሉንም ረድፍ አናት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሚዘረጋ አንጎላሬ አያይዟቸው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሁላችንም ደንግጠናል። ከላይ ያልታሰረ ረድፍ አንዱ ሲደፋ ቀጣዩን ይዞ ነው የሚሄደው፤ በመተላለፊያው ላይ ደግሞ ሰው አለ።

ስንት ያስፈልጋችኋል? እኔ ከምገምትላችሁ እናንተ ለኩ። አሁን ካለው ላይ አንድ ሜትር ለክታችሁ ስንት ካርድ እንዳለ ቁጠሩ። ሦስት ቦታ ላይ አድርጉት፤ የድሮ ካርድ ይወፍራል፣ አዲሱ ይሳሳል። ለምሳሌ አንድ ካርድ በአማካይ 5 ሚሊ ቢወፍር በሜትር 200 ይገባል። 20 ሺህ ካርድ 100 ሜትር ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ እርከን ሩብ ያህሉ ባዶ መተው አለበት፤ ካርድ ሳይጎትቱ ማውጣት የሚቻለው ያኔ ነው። ስለዚህ 133 ሜትር። በ90 ሳንቲ ሲካፈል ወደ 148 እርከን፣ በስድስት ሲካፈል 25 መደርደሪያ። ዋጋ ስታወዳድሩም በመደርደሪያ ቁጥር አታወዳድሩ። አንድ ሜትር ካርድ የሚይዝ ቦታ ስንት ብር ይወጣዋል ብላችሁ አካፍሉ። ርካሽ የሚመስለው አንዳንዴ እንደዚያ ሲሰላ ይወደዳል።

አሠላለፉ ከመደርደሪያው ጋር ይገናኛልና አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በተራ ቁጥር ከደረደራችሁ አዲስ ካርድ ሁሉ መጨረሻ ላይ ይከመራል። ያ ጥግ ይጨናነቃል፣ ያ ጥግ ይከብዳል፣ ሠራተኛውም ሁሉ እዚያው ይጋፋል። በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብትደረድሩ ግን ከ00 እስከ 99 መቶ ምድብ ይኖራችኋል። አዲሱ ካርድ ለሁሉም እኩል ይበተናል። በላይኛው ስሌት አንድ ምድብ አንድ እርከን ተኩል ገደማ ይደርሰዋል። አሠላለፍ ለመቀየር ካሰባችሁ ጊዜው አሁን ነው፤ ካርዱ አንዴ ከቦታው ከተነሳ ዕዳው ገብስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ስለ ፎቁ። ይህን የጥያቄዎን ክፍል ሳነብ ነው በጣም ያሳሰበኝ። ከእንጨትና ብረት ክርክር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የቢሮ ወለል ለቢሮ ነው የሚሰላው። በዩሮኮድ፣ ማለትም በአውሮፓ የሕንፃ ስሌት ደንብ፣ ለቢሮ የሚያዘው ጭነት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። መጽሐፍና ሰነድ ለሚከማችበት ክፍል ግን 750 ኪሎ ገደማ ይላል። የእናንተን እንየው። ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት መደርደሪያዎች 600 ኪሎ ናቸው። የያዙት ቦታ 70 ሳንቲ፣ ከፊታቸው ያለው መተላለፊያ 90 ሳንቲ፣ ወርዳቸው 90 ሳንቲ። አንድ ካሬ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። መተላለፊያውንም ቆጥረን በካሬ ከ400 ኪሎ በላይ ይወጣል። መተላለፊያውን ትተን መደርደሪያዎቹ በቆሙበት ቦታ ብቻ ካሰብነው ከ900 ያልፋል። ለቢሮ የተሠራ ወለል ይህን እንዲሸከም አልታሰበም።

ወለሉ በአንድ ቀን ይወርዳል እያልኩ አይደለም። ግን ይሰነጠቃል፣ ይረግባል፤ ከሥሩ ደግሞ ታካሚ የሚጠብቅበት ክፍል ሊሆን ይችላል። ይህ በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም። ካርድ ክፍል ምድር ቤት ይሁን ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ለታካሚውም የሚሻለው እሱ ነው፤ ክራንች ይዞ የመጣ ሰው ለካርድ ፎቅ አይወጣም። የግድ ፎቅ ነው ከተባለ የሕንፃው መሐንዲስ ስሌቱን አይቶ ይፈርም። ስሌቱን እንዲሠራ ይህንን ስጡት፦ በሜትር 50 ኪሎ፣ ስድስት እርከን፣ የመደርደሪያው ብዛትና አቀማመጥ። ለረጅም ጊዜ ያልመጡ ታካሚዎችን ካርድ ምድር ቤት አስቀርቶ የሚሠራበትን ብቻ ማውጣትም አንድ መንገድ ነው። ፎቅ ላይ ያለውም በግድግዳው ዙሪያ በአንድ ረድፍ ይዞራል እንጂ መሃል ላይ አይከመርም።

አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ያለውን እንዳለ አትተዉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ግዢ ወራት ሊወስድ ይችላል። የጎበጡትን እርከኖች ከላይኛው ጀምራችሁ አራግፉ። ከታች መጀመር አደጋ አለው፤ ላዩ ከብዶ ወደ ፊት ይደፋል። ከዚያ ጣውላውን ገልብጡት፤ ጉብጠቱ ወደ ላይ ይሁን። መሃሉ ላይ ከፊትም ከኋላም ሞራሌ አቁሙለት። ከታችኛው እርከን ሥር ጀምሮ ወለሉን ይርገጥ። በየእርከኑ ያለው ሞራሌ አንዱ በአንዱ አናት ላይ በቀጥታ ይዋል፤ ወደ ጎን ካፈነገጠ ከሥሩ ያለውን ጣውላ ይሰብረዋል። ፒኖቹን አውጥታችሁ ከሥር ደጋፊ እንጨት በብሎን ያዙ። አንድ አናጢ በትንሽ ብር ይጨርሰዋል። 120 የነበረው 60 ሆነ ማለት ነው።

ሥራው ሲመጣ ደግሞ ሳይፈተን እንዳትረከቡ። መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ ይሠራ። ከሱቅ ሃያ ደስታ ወረቀት ተዋሱ። አንዱ እርከን ላይ አምስት አምስት አድርጋችሁ በአራት ቁልል ደርድሩ፤ 90 ሳንቲ ላይ ልክ ይገባል። 50 ኪሎ ነው፤ ከመደበኛ ጭነቱ ትንሽ ይበልጣል። እርከኑ ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥራችሁ እሰሩ። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት መሃሉ ላይ በሲባጎውና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ከ4 ሚሊ ካለፈ አትቀበሉ። ጭነቱን አንስታችሁ ደግሞ እዩ፤ እርከኑ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ውሉ ላይ ይህ ፈተና ከመጀመሪያው ይጻፍ። በኋላ ከሆነ ጭቅጭቅ ነው። የላሜራውን ውፍረትም ቀለም ሳይቀባ በፊት በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አስለኩ፤ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ቀለሙን በተመለከተ መጀመሪያ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ የላዩ ቀለም። ብየዳው ያረፈበት ቦታ በሽቦ ብሩሽ ሳይጠረግ ቀለም አይቀባ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዘይት ቀለም በክረምት ቶሎ አይደርቅም። እጅ ላይ አይለጥፍም ማለት ደርቋል ማለት አይደለም። ካርድ ተደግፎበት ሲውል ይጣበቃል፤ ሲነሳ ሽፋኑን ይገሽልጠዋል። ቢያንስ አንድ ሳምንት መስኮት ተከፍቶ ይቆይ።

ሲተከል ከውጭ ግድግዳ 5 ሳንቲ ያህል ይራቅ፤ ማሰሪያው ረዘም ያለ ይሁንለት። አየር ይዙርበት፤ ግድግዳው በክረምት ሲያልበው ካርዱን አይንካ። የውሃ ቱቦ ያለበት ወይም ጣሪያው የሚያፈስ ቦታ ሥር አይቁም። ላይኛው እርከን ከአናቱ ላሜራ ክዳን ይኑረው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚንጠባጠብ አንድ ጠብታ ሃያ ካርድ ያበላሻል። በየእርከኑ በ30 ሳንቲ ርቀት መከፋፈያ ላሜራ ይቁም። ካርድ ዘንበል ብሎ ሲከርም ጎኑ ይጣመማል፤ ቁጥሩም አይነበብም።

ካርዱን ስታዛውሩ ከታችኛው እርከን ሙሉ፤ ወደ ላይ ውጡ። ከሙላቱ በፊት እያንዳንዱን መደርደሪያ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ከላይ እሰሩት። አንድ እግር አየር ላይ ከቀረ ክብደቱ ለሦስቱ ይወርዳልና ከሥሩ ስስ ላሜራ ይግባለት፤ ካርቶን ግን አይሆንም፣ ይጨመቃል። ሙሉ ጭነት ከያዘ ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ። በያጁ ለዚህ አንድ ቀን ተመልሶ እንዲመጣ ውሉ ላይ አስገቡት።